የቅጣቱ ቁጥር ከየት ይመጣል?

ለአሽከርካሪዎች፣ ለባለንብረቶችና ለሕግ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ

እንደምን ዋላችሁ። ወደ ሕጉ ከመግባቴ በፊት ዛሬ እዚህ እንድቆም ያደረገኝን ሰው ላስተዋውቃችሁ። ስሙን አልናገርም። ከጥቂት ወራት በፊት ቢሮዬ የመጣ የሚኒባስ ሾፌር ነው። ፀሐይ መከላከያው ሥር ሰክቶት የሰነበተ፣ ዳር ዳሩ በዘይት የወየበ ወረቀት ከኪሱ አወጣና ጠረጴዛዬ ላይ በመዳፉ እያሸ ዘረጋው። የክስ ወረቀት ነው። ስሙ፣ የመንጃ ፈቃድ ቁጥሩ፣ ታርጋው፣ ቦታውና ሰዓቱ ተጽፏል። ከታች በኩል ደግሞ ካርቦኑ በደንብ ያልያዘው፣ ግማሹ የጠፋ የአንቀጽ ቁጥር አለ። ከጎኑ የብር መጠን። ብሩ ጎልቶ ይነበባል፤ አንቀጹ አይነበብም።

«ጋሼ፣ ይሄንን ብር ማን ነው ያወጣው?» አለኝ። «ትራፊኩ ነው? መንገድ ትራንስፖርት ነው? ጓደኛዬ በዚያው ቀን ተይዞ ከእኔ ያነሰ ነው የከፈለው።»

ሃያ ደቂቃ የማይፈጅ ጥያቄ መስሎኝ ነበር። ሁለት ሰዓት ተቀመጥን። ሲሄድ አንድ ሌላ ጥያቄ ጥሎልኝ ሄደ፤ እሱን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

በመጀመሪያ ትራፊክ ፖሊሱ ቁጥሩን አያወጣም። ይህን ደጋግሜ ብናገረው ደስ ይለኛል። ፖሊሱ ያየውን ጥፋት በስሙ ይጠራል፣ ሕጉ ላይ ያለበትን ቦታ ያገኛል፣ ለዚያ ጥፋት አስቀድሞ የተቆረጠውን ገንዘብ ይጽፋል። ሥልጣኑ እዚያ ላይ ያበቃል። የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 2 እንደሚለው፣ በሕግ ተለይቶ ያልተደነገገ ድርጊት አያስቀጣም፤ በሕግ ያልተወሰነ ቅጣትም አይጣልም። ዳኛ እንኳ ይህን አያልፍም። ዳኛ ያላለፈውን መስመር አስፋልት ዳር የቆመ ሰው ሊያልፈው አይችልም።

ታዲያ ማን ነው ያወጣው? መንገዱ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዋጅ ያወጣል። በመንገድ ትራንስፖርት በኩል ለረጅም ጊዜ መሠረት የሆነው የትራንስፖርት አዋጅ ቁጥር 468/1997 ነው። አዋጁ ዝርዝሩን ሁሉ አይጽፍም፤ «ዝርዝሩን በደንብ አውጡ» ብሎ ለአስፈጻሚው ሥልጣን ይሰጣል። የሚኒስትሮች ምክር ቤትም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 77 መሠረት፣ በተሰጠው ሥልጣን ልክ ደንብ ያወጣል። የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208/2003 የወጣው በዚህ መንገድ ነው። ብዙዎቻችሁ መሪ የጨበጣችሁት በዚህ ደንብ ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል፣ ቁጥሮቹም ከፍ ብለዋል፤ የደንቡ አሠራር ግን በእጃችሁ ካለው የክስ ወረቀት ጋር ቀጥታ የተያያዘ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ደንቡ ጥፋቶችን አንድ በአንድ እየዘረዘረ በእርከን ይከፍላቸዋል። ቀለል ያለው ጥፋት ዝቅተኛው እርከን ላይ ይቀመጣል፤ ሰው ሊገድል የሚችለው ከፍ ይላል። ለየእርከኑ ሁለት ነገር ተቆርጦለታል፦ ገንዘብና ነጥብ። የሾፌሩ ጓደኛ ያነሰ የከፈለው ለዚህ ነው። ትራፊኩ አዝኖለት አይደለም። አንዱ ትርፍ ጫነ፣ ሌላው በማይፈቀድ ቦታ ቆመ፤ ሁለቱ ጥፋቶች አንድ ሠንጠረዥ ላይ ቢሆኑም አንድ እርከን ላይ አይደሉም።

ገንዘቡን ሁሉም ያውቀዋል፤ ነጥቡን የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ነው። ገንዘብ ከተከፈለ አለቀ። ነጥብ አያልቅም፤ መዝገብ ላይ ይቀመጣል፣ ከሌላው ጋር ይደመራል፣ ሲሞላ መንጃ ፈቃዱን ይዞ ይሄዳል። ሃምሳ ሚኒባስ ያለው ሰውም ሆነ አንድ ያረጀች ላዳ ያለችው ሰው መንጃ ፈቃዱ አንድ ነው። ስለዚህ ነጥብ ሀብታምና ድሃን እኩል የሚነካ ቅጣት ነው እላለሁ። መዝገቡ በትክክል ከተያዘ፣ ከክልል ክልል የሚከተል ከሆነ፣ የገንዘቡ መጠን ይህን ያህል ባላጨቃጨቀን ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ነጋሪት አንድ ነገር ልበል። ድሮ አዋጅ ሲወጣ በገበያ ቀን ነጋሪት ይጎሰም ነበር። «ስማ፣ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ይባላል፤ ጨው የሚሸጠውም፣ በሬ የሚነዳውም ቆሞ ይሰማል። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ሕግ የሚታወጅበት ጋዜጣ «ነጋሪት ጋዜጣ» የተባለው ከዚያ ተወስዶ ነው፤ በ1987 ዓ.ም. ደግሞ ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ሆነ። ስሙ ራሱ ይመሰክራል፦ ሕግ ሊሰማ ይገባል። ሾፌር የቅጣቱን ሠንጠረዥ በዓይኑ ካላየ፣ ለእሱ ነጋሪቱ አልተመታም ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ አንቀጹ ካልተነበበም እንደዚያው።

ይህ የአዳራሽ ወሬ አይደለም። ቁጥሩን የማያውቅ ሰው ይደራደራል። «ስንት ነው?» ይላል፤ «ብዙ ነው» ይባላል፤ «እንደምንም አድርግልኝ» ይላል፤ ከዚያ ለሻይ፣ ለቡና ይመጣል። ጉቦ የሚገባው ቁጥሩ በጨለማ ውስጥ ሲሆን ነው። ሠንጠረዡ በኪሱ ያለ ሾፌር ግን «የትኛው አንቀጽ ነው? እርከኑስ?» ብሎ ይጠይቃል። በትህትና ይጠይቅ፤ ፖሊሱም በትህትና ይመልስ። አባቶቻችን «በሕግ አምላክ!» ሲባሉ ባሉበት ይቆሙ ነበር። ያ ቃል ሾፌሩን ብቻ የሚያቆም አይደለም፤ ቅጣት የሚጽፈውንም ያቆመዋል።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም ስለምጠየቅ እዚሁ ልመልስ። ደንብ ሲሻሻልና ቅጣት ሲጨምር «የእኔ ክስ በድሮው ነው ወይስ በአዲሱ?» ትሉኛላችሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 22 መልሶታል። ጥፋቱ በተፈጸመበት ጊዜ ከነበረው የከበደ ቅጣት ሊጣል አይችልም። ትናንት ያጠፋ በትናንቱ ቁጥር ነው። አዲሱ ሕግ ለተከሳሹ የሚቀል ከሆነ ግን አዲሱ ይሠራለታል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን ከብሩ እኩል ዋጋ አለው፤ አትጣሉት።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ። ቁጥሩን ያወጣው ማን እንደሆነ አወቅን፤ በምን ለክቶ ነው ያወጣው?

የእኛ ደንብ የሚለካው በጥፋቱ አደገኛነት ነው። ማን አጠፋ፣ ምን ገቢ አለው ብሎ አይጠይቅም። ፈጣን ነው፣ ለሁሉም አንድ ነው፣ መንገድ ዳር ላይ ለማስላት አያስቸግርም። ጉድለቱንም ሁላችሁ ታውቁታላችሁ፤ አንዱን ያንገዳገደ ቅጣት ሌላውን ከመኪናው ሳያስወርድ ያልፋል።

ብዙዎቻችሁ ዘመድ አላችሁና ወደ አሜሪካዋ ቨርጂኒያ ልውሰዳችሁ። በዋሽንግተን ዙሪያ ታክሲ እየነዳ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ወገን ብዙ ነው። እዚያ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ለሚከፈለው ተራ የፍጥነት ጥፋት፣ ከተፈቀደው በላይ ለሄዱበት ለእያንዳንዱ ማይል 6 ዶላር ይቆጠራል፤ የፍርድ ቤት ወጪ ደግሞ ለብቻው ይጨመራል። 55 በተፈቀደበት መንገድ 74 ማይል በሰዓት የሄደ ሰው በ19 ማይል አልፏል፤ 19 በ6 ሲባዛ 114 ዶላር። አሁን አንድ ማይል ጨምሩበትና 75 ይሁን። 120 ዶላር አይደለም። ከተፈቀደው በ20 ማይል ወይም ከዚያ በላይ ያለፈ፣ ወይም የመንገዱ ወሰን ምንም ይሁን ከ85 ማይል በላይ የሄደ ሰው «ሬክለስ ድራይቪንግ»፣ በግዴለሽነት መንዳት፣ በሚባለው ወንጀል ይከሰሳል። ያ የወንጀል መዝገብ ነው፤ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ያስቀጣል። ጣሪያውን ምክር ቤቱ በሕግ ቆርጦታል፤ ከጣሪያው በታች ስንት እንደሚሆን ዳኛው ይወስናል። ከዚህ የሄደ ወገናችን ወረቀቱን ተራ ቅጣት መስሎት ኪሱ ከትቶ ሲረሳው፣ ቀጠሮ የቀረበት ወንጀል ይሆንበታል። እዚያ ዘመድ ካላችሁ በአንድ ማይል የሚለወጠውን ነገር ንገሩት።

ፊንላንድ ደግሞ ሌላ መንገድ ይዛለች፤ ከ1921 እ.ኤ.አ. ጀምሮ። የእነሱን ስሌት መጀመሪያ ባነበብኩ ጊዜ እርሳስ አንሥቼ እኔ ራሴ ሞከርኩት፤ አብረን እንሞክረው። ትንንሽ የፍጥነት ጥፋቶች፣ እስከ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ድረስ፣ የተወሰነ ክፍያ አላቸው። ከዚያ በላይ ሲሆን ቅጣቱ በብር አይነገርም፤ በቀን ይነገራል። የጥፋቱ ክብደት የቀኑን ብዛት ይሰጣል። የአንድ ቀን ዋጋ ደግሞ ከሰውዬው ገቢ ይወጣል፦ ግብር የተነሣለትን የወር ገቢ ይዘው 255 ዩሮ ይቀንሱለታል፤ ያ ለመኖሪያ የሚተውለት ነው። የቀረውን ለ60 ያካፍላሉ። የሚያሳድገው ልጅ ካለው ለእያንዳንዱ ልጅ 3 ዩሮ ከቀኑ ዋጋ ይነሣለታል። ከ6 ዩሮ በታች ግን አይወርድም።

የሁለት ሰዎች ጥፋት 12 ቀን ያስቀጣል እንበል፤ ሁለቱም ልጅ የላቸውም። አንዱ በወር 2,055 ዩሮ ያገኛል። 255 ሲቀነስ 1,800፤ ለ60 ሲካፈል የቀኑ ዋጋ 30 ዩሮ፤ በ12 ሲባዛ 360 ዩሮ ይከፍላል። ሌላው በወር 60,255 ዩሮ የሚያገባ ነው። የእሱ ቀን 1,000 ዩሮ ነው፤ የሚከፍለው 12,000 ዩሮ። ብሩ የትና የት ነው፤ የተወሰደባቸው ግን እኩል 12 ቀን ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. በፊንላንዷ የኦላንድ ደሴቶች አንድ ባለሀብት 50 በተፈቀደበት 82 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲነዳ ተይዞ 121,000 ዩሮ ተቀጣ። ዓለም ሁሉ ያወራለት ይህ ቅጣት የወጣው ካሁኑ ስሌት ነው።

ነቀፌታም አለበት፤ ልደብቀው አልፈልግም። በ2002 እ.ኤ.አ. አንድ የኖኪያ ኃላፊ በሞተር ሳይክሉ 50 በተፈቀደበት 75 ሄዶ 116,000 ዩሮ ተቀጥቶ ነበር። የተሰላው ግን ብዙ ባገኘበት ቀደም ባለ ዓመት ገቢ ነበርና ይግባኝ ብሎ አብዛኛው ተነሣለት። የማንን ገቢ፣ የየትኛውን ዓመት የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። የፊንላንድ ፖሊስ የአሽከርካሪውን የግብር መረጃ እዚያው መንገድ ላይ ማየት ይችላል። እኛ ዘንድ አብዛኛው ሰው ገቢው መዝገብ ላይ የለም፤ ደመወዝተኛው ብቻ በጠራ ይታያል። ስሌቱን እንዳለ ብናመጣው አስተማሪዋንና ነርሷን በሙሉ ገቢዋ እንቀጣለን፤ ገቢው የማይታየው ነጋዴ ግን በዝቅተኛው ያልፋል። ስለዚህ «ፊንላንድን እንቅዳ» አልልም።

ነገር ግን ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የገዛ ሕጋችን ውስጥ ተቀምጧል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 90 መቀጮን ሲደነግግ፣ ሕጉ በተለይ ካልወሰነ በቀር ለግለሰብ ከ10 ብር እስከ 10,000 ብር፣ ሕጋዊ ሰውነት ላለው ድርጅት ደግሞ ከ100 ብር እስከ 500,000 ብር ይላል። ከዚያ ቀጥሎ ፍርድ ቤቱ መጠኑን ሲወስን የጥፋቱን ደረጃ ብቻ ሳይሆን የተቀጪውን ሀብት፣ ገቢ፣ የቤተሰብ ኃላፊነት፣ ሥራ፣ ዕድሜና ጤና እንዲያይ ያዝዛል። ልብ በሉ፤ ዳኛ ፊት የቀረበ ሰው ልጆቹ ይታሰቡለታል። መንገድ ዳር ወረቀት የተጻፈለት ሰው ግን አይታሰብለትም፤ ሠንጠረዡ ዓይን የለውምና። ፈጣኑ መንገድ ፍጥነቱን የገዛው በዚህ ዋጋ ነው።

አንቀጽ 90ን ካነሣሁ አይቀር፣ ቁጥር እንዴት እንደሚያረጅ ላሳያችሁ። ሕጉ ሲወጣ በ1996 ዓ.ም. አንድ ዶላር ከ9 ብር በታች ነበር። 10,000 ብር ማለት ከ1,100 ዶላር በላይ ነበር፤ ያን ጊዜ ብዙ ሰው በዓመት የማያገኘው ገንዘብ። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ያው 10,000 ብር 100 ዶላር አይሞላም። ሕግ አውጪው አንድ ቃል አልቀየረም፤ ጣሪያው ግን በራሱ ጊዜ ወርዶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። የትራፊክ ቅጣትም እንዲሁ ነው። ለዓመታት ሳይነካ ይቆይና መኪና ያለውን ሰው የማይቆነጥጥ ይሆናል፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይጨመርና ሾፌሩ ላይ እንደ ናዳ ይወርዳል። ሁለቱም ጥሩ አይደለም። መጠኑ በየተወሰነ ዓመት እንዲታይ፣ ሲታይም በምን መለኪያ እንደተጨመረ እንዲነገር ደንቡ ራሱ ቢያስገድድ እወዳለሁ። ናዳ ከመጠበቅ ጠጠር በጠጠር መልመድ ይሻላል።

አንድ ግራ መጋባት ደግሞ ላጥራ፤ በዚህ ስሕተት ሰው ሲወድቅ አይቻለሁ። የደንብ ቅጣት መክፈል የሰው ሕይወት የጠፋበትን አደጋ አይዘጋውም። ዜብራ ላይ ሰው ገጭቶ የገደለ ሾፌር የሚጠየቀው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ነው። ተራው ቸልተኝነት ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም ከ2,000 እስከ 4,000 ብር መቀጮ ያስከትላል። የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን፣ እንደ ሾፌር ማለት ነው፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር ይሆናል። ደንብ እያወቀ የጣሰ፣ የጠጣ፣ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው የገደለ ከሆነ ደግሞ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር። አያችሁ፣ «ደንብ ጥሷል» የሚለው ቃል እዚህ ተመልሶ መጣ። ትናንት በትንሽ ብር ያለፋችሁት ቀይ መብራት፣ ሰው የተገጨ ዕለት እስራቱን የሚያከብደው እሱ ነው። የሞተ ሰው ቤተሰብ ካሳ ደግሞ ለብቻው የሚታይ ጉዳይ ነው።

ወደ ሾፌሬ ልመለስ። የክስ ወረቀቱን መስኮት ዳር ይዘን በብርሃን አየነው፤ የአንቀጹ ቁጥር በጥርጣሬ ተነበበ። ደንቡን ከፍተን ሠንጠረዡ ላይ አገኘነው። ትርፍ መጫን። እርከኑም ብሩም ልክ ነው፤ ትራፊኩ በትክክል ነው የጻፈው። ሾፌሩ ራሱን ነቀነቀ። ቅር አላለውም፤ ትርፍ መጫኑን አልካደም። አራት ሰው በዱካ አስቀምጦ ነበር።

ለምን እንደጫነ ጠየቅኩት። በጣቶቹ ቆጠረልኝ። በየቀኑ ለባለመኪናው የሚያስገባው ገቢ ቁርጥ ነው፤ ዝናብ ቢዘንብ፣ መንገድ ቢዘጋ፣ ነዳጅ ቢሰለፍ አይቀንስም። ከዚያ ነዳጅ፣ ከዚያ የረዳቱ፣ ከዚያ የእሱ። በተፈቀደው ሰው ልክ ጭኖ ያን ቁርጥ ገቢ ሞልቶ ወደ ቤቱ የሚገባበት ቀን ትንሽ ነው። ቅጣቱ ሲመጣ ደግሞ ከእሱ ድርሻ ላይ ይወጣል፤ ነጥቡም በእሱ መንጃ ፈቃድ ላይ ይቆጠራል። ባለመኪናው የዚያን ዕለትም ሙሉ ገቢውን ተቀብሏል።

ወረቀቱን መልሶ አጣጠፈውና ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመ። «ጋሼ፣ እኔ የጫንኩትን ከፍያለሁ። ያስጫነኝስ ሰውዬ እርከኑ ስንተኛ ነው?»

ሠንጠረዡ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ ተከፍቶ ነበር። ዛሬ ይዤው መጥቻለሁ፤ ቅጂው በሩ አጠገብ አለ። ባለንብረቶች ከፊት ወንበር ስለተቀመጣችሁ ደስ ብሎኛል፤ ውይይቱን ከዚያ ጥያቄ እንጀምር።